አውራ ጣት

ቱሳን ላይ ሐምሌ ነው፤ ገና ከጧቱ አንድ ሰዓት፣
የመኪናዬን መሪ በሻሽ ነው የምይዘው፤ ይፋጃል እንደ እሳት።
ሚስተር ዋላስ በረንዳው ጥላ ውስጥ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አንጠልጥሎ፣
ይጠብቀኛል፣ አገጩን እንደሚላጭ ሰው ወደ ላይ ሰቅሎ።

ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። አርባውን ጣሪያ ላይ ነው የኖረው፣
ሬንጅ ሲያፈስ፣ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ያለ ሸሚዝ የዋለው።
ያኔ መክሰል ወንድነት ነበር ይላል፤ ይስቃል፤
ሲስቅ የግራ ጆሮው ጎዶሎነት ይታያል።
ጫፉን ሐኪም ወስዶታል፤ ከአፍንጫውም ቁራጭ ሥጋ፣
ከትከሻው ሁለት ቦታ። ፀሐይ ዱቤ ሰጪ ናት፤ ዕዳዋን አትረሳም፣ ክረምት ከበጋ።

ሁለት ጣት ሙሉ ክሬም ለፊትና ለአንገት፤ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም፤
ነርሷ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ ከዚያ ውልፍት የለም።
ከግንባሩ እጀምራለሁ፣ በቅንድቡ፣ በተረፈው ጆሮው ዙሪያ።
"አንቺስ?" ይለኛል።
እስቃለሁ። "እኔማ ጃንጥላዬን ይዤ ነው የተወለድኩት፣
ይኼን ቀለም ለጌጥ ብቻ መሰለህ የተቀባሁት?"

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣
ከዚያ ኪኒን፣ ከዚያ የአጃ ገንፎ፣ ከዚያ ለውሻው ጫማ ማልበስ።
(አትሳቁ፤ አስፋልቱ መዳፉን ይልጠዋል።)

የዋላስ ዓይን ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ቴሌቪዥን አያይም፣
የገዛ ቤቱን ቁጥር፣ የልጁን ፎቶ አይለይም።
ከስንዝር ማዶ ዓለም ጉም ነው፤ ከስንዝር ወዲህ ግን ያያል፤
አርባ ዓመት ጣሪያ የጠገነ ሰው ቀዳዳ መፈለግ ይችላል።
በየጧቱ ከዓይኑ ሥር፣ ስንዝር በማይሞላ ቦታ የሚመላለሰው
የእኔ ግራ አውራ ጣት ነው፤ ቅንድቡን የሚያብሰው።

አንድ ማክሰኞ አንጓዬን ጭምቅ አድርጎ፣ ጥፍሬን ወደ አፍንጫው ሳበ፤
"ይኼ ጥቁር መስመር" አለ፣ "ለፋሲካ ክር ነበር፤ ዛሬ ገመድ ሆኗል።" ደግሞ ቀረበ።
"የመኪና በር ነው" አልኩት።
"በር ያበለዘው ከጥፍር ጋር እያደገ ይወጣል፤
ይኼ እዚያው ነው። ጭራሽ ከሥሩ ቆዳው ላይ ፈሷል።"
"እናቴም መስመር አላት፤ የኛ ሰው ጥፍር እንዲህ ነው" አልኩት።
"ስንጥቅ የሌለው ጣሪያ የለም፤ የሚሰፋውን ግን መቼ ዝም አልኩት!"
ስልኩን በዳበሳ አነሣ፤ ለቆዳ ሐኪሙ ደወለ፣
"ጆሮዬን የወሰድሽ ሴትዮ፣ አንድ ጣት ላኪልኝ ብትይ ልኬያለሁ" አለ።

ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አየችኝ። እኔ የወሬ ማድመቂያ ነበር የመሰለኝ፣ አባባል፤
ለካ የምርመራ ስም ነው፤ ጫማ ይወልቃል፣ ሹሩባ ይፈታል፣
ውስጥ እግር፣ የጣት መሃል፣ መዳፍ፣ ድድ እንኳ ይታያል።
"ይኼኛው" አለች፣ "የፀሐይ ልጅ ላይሆን ይችላል፤ ፀሐይ በማይደርስበትም ይበቅላል፤
በጥቁር ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ጥግ ነው የሚመርጠው። ሰውም 'እኔን አይነካኝም' ይልና ያረፍዳል።"

ጥፍሬን ነቀሉት። ገና ከላይ ነበር፣ ሥር አልሰደደም ነበር።
"አንድ ዓመት ብትቆዪ ኖሮ..." አለችና ተወችው። እኔም አልጠየቅኳት ነገር።

አሁን ግንባሩን የሚቀባው ጥፍር አልባው ጣቴ ነው፤ ልስልስ ያለ፣ ትንሽ የሚፈራ።
"አንቺስ?" ይላል አሁንም።
ክሬሙ እኔ ላይ ሲሆን አመድ ይመስላል፤ መላ አላገኘሁለትም፣
ቢሆንም እቀባለሁ። ባርኔጣም ገዝቻለሁ፤ አያምርብኝም።

ማክሰኞ ማክሰኞ አሥሩንም ጣቶቼን ዓይኑ ሥር እደረድራለሁ፤
እንደ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። እኔ ደግሞ እሱ የማያየውን ጀርባውን አነባለሁ።
ውሻው ጫማውን ለብሶ በሩ ላይ ያላዝናል።